ማርም ሲበዛ ይመራል፦ የማዳበሪያ፣ የአፈርና የሹገር ቢት ታሪክ ከሒሳብ ክፍላችን



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን ብዙ ያነጋገረን አንድ ጉዳይ ነበር። ከተዘዋዋሪ ገንዘባችን ለማዳበሪያ መግዣ የሚሰጠው ብድር ጣሪያው ከፍ ይበል ወይስ ባለበት ይቆይ የሚል ነው። አንዲት እናታችን ተነሥተው «ልጆቼ፣ መሬቱ ለምዶታል፤ የድሮው መጠን አይበቃውም፤ እጥፍ አድርጋችሁ ስጡን» አሉ። ሌላዋ እኅታችን ደግሞ «እኔ ያምናውን ዕዳ ገና እየከፈልኩ ነው፤ ቅጠሉ አማረ እንጂ ጎተራዬ አልሞላም» አለች። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። ጉባኤው ነገሩን ለሚቀጥለው አሳድሮ ተበተነ። ብድሩን የምንመዘግበው፣ የተመለሰውንና ያልተመለሰውን የምንለየው እኛ የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች ስለሆንን ጥያቄው ከእኛ ጋር ወደ ቢሮ ገባ።

እኛ የግብርና ባለሙያዎች አይደለንም። በኮሌጅ የተማርነው የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ነው። ይሁን እንጂ «ማዳበሪያ ስንት ይበቃል?» የሚለው ጥያቄ በሌላ አገር እንዴት ተጠይቆ እንዴት እንደተመለሰ ስናነብ ከሁሉ ይልቅ አንድ ተክል ትምህርት ሰጠን። እሱም በአውሮፓና በአሜሪካ ስኳር የሚወጣለት ሹገር ቢት ነው። አገራችን ስኳሯን የምታገኘው ከሸንኮራ አገዳ እንጂ ከሹገር ቢት አይደለም። የተክሉ የቅርብ ዘመዶች ግን በጓሮአችን አሉ። ቀይ ሥርም፣ ቆስጣም፣ ሹገር ቢትም በሳይንስ ስማቸው አንድ ዝርያ ናቸው። ቆስጣን ለቅጠሉ፣ ቀይ ሥርን ለሥሩ፣ ሹገር ቢትን በነጩ ሥሩ ውስጥ ለሚያከማቸው ስኳር ሰው ለያይቶ አራባቸው።

ይህን ተክል የመረጥነው ሁለት ጊዜ ስለሚመዘን ነው። መጀመሪያ ሥሩ በሚዛን ይመዘናል፤ ቀጥሎ በውስጡ ያለው ስኳር በቤተ ሙከራ ይለካል። ስለዚህ ማዳበሪያ ሲጨመር የቱ እንደጨመረና የቱ እንደቀነሰ ተደብቆ አይቀርም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስኳር ከነጭ ሥር

በ1747 አንድሪያስ ማርግራፍ የተባለ የበርሊን ኬሚስት ከቢት ሥር ያወጣው ስኳር ከሸንኮራ አገዳ ስኳር ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጠ። በዚያ ዘመን ስኳር ወደ አውሮፓ የሚመጣው ባሮች ከሚደክሙባቸው የካሪቢያን ደሴቶች በመርከብ ነበር። የማርግራፍ ተማሪ የነበረው ፍራንዝ ካርል አካርድ በፕሩሲያ ንጉሥ ድጋፍ በ1801 በሳይሌዥያ ኩነርን በተባለ ስፍራ የመጀመሪያውን የቢት ስኳር ፋብሪካ አቋቋመ። ቦታው ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ይገኛል። የዚያን ጊዜው ቢት የስኳር መጠኑ ከመቶ 5 ወይም 6 ገደማ ብቻ ነበር። የዛሬው ከመቶ 16 እስከ 20 ይደርሳል።

ናፖሊዮን በ1806 አውሮፓን ከእንግሊዝ ንግድ ሲዘጋ የአገዳ ስኳር ከገበያ ጠፋ። በ1811 ደግሞ 32,000 ሄክታር መሬት በቢት እንዲሸፈን አዘዘ። በ1812 ቤንዣሚን ደሌሴር በፓሪስ አጠገብ ፓሲ ላይ ጥሩ ስኳር ማውጣቱ ሲሰማ ንጉሠ ነገሥቱ የራሱን የክብር ኒሻን ከደረቱ አውልቆ ሰጠው ይባላል። ከዚያ በኋላ ቢት ከአውሮፓ እርሻ አልወጣም።

ቀረጥ የወሰነው እርሻ

እንደ ሒሳብ ሠራተኞች ከሁሉ የገረመን ቀጥሎ የመጣው ነገር ነው። ጀርመንና ፈረንሳይ በአንድ ተክል ላይ ሁለት የተለያየ ቀረጥ ጣሉ።

የጀርመን መንግሥታት ከ1840ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቀረጡን የጣሉት ወደ ፋብሪካው በሚገባው ሥር ክብደት ላይ ነበር። ለባለ ፋብሪካው ስኳር የሌለው ከባድ ሥር ማለት ቀረጥ የተከፈለበት ውኃ ማለት ሆነ። ስለዚህ ስኳር የበዛበትን ሥር ይፈልግ ጀመር። ብዙ ፋብሪካዎች ከገበሬው ጋር በሚዋዋሉበት ጊዜ ቢት በሚዘራበት ዓመት ጥሬ ፍግ ማሳው ላይ እንዳይጨመር፣ ናይትሬት ማዳበሪያም እንዳይበዛ ወይም ዘግይቶ እንዳይጨመር በውሉ ይከለክሉ ነበር። ፍግና ናይትሬት ሲበዙ ሥሩ እየገዘፈ ስኳሩ እየቀጠነ እንደሚሄድ ከቤተ ሙከራ በፊት በኪሳቸው አውቀውታል።

በፈረንሳይ ግን ቀረጡ ለረጅም ጊዜ የሚከፈለው ተመርቶ በወጣው ስኳር ላይ ነበር። ገበሬው የሚከፈለውም በሥሩ ክብደት ነው። ገበሬው ለምን ይጨነቃል? ፍግ ያለ ልክ ጨመረ፤ ትልልቅ፣ ውኃ የሞላባቸው ሥሮችን በጋሪ ወደ ፋብሪካ አመላለሰ። አሳዛኙ ነገር፣ ሥሩን በስኳሩ መጠን እየለየ ዘር መምረጥን ያስተማረው ሉዊ ቪልሞራን ራሱ ፈረንሳዊ ነበር። ጀርመኖች በእሱ ዘዴ ሲጠቀሙ የአገሩ ገበሬዎች ትልቁን ሥር እንደወደዱ ቆዩ። ፈረንሳይ በ1884 ሕጉን ለውጣ ቀረጡን በሥሩ ላይ፣ ይሰጣል ተብሎ በተገመተው ስኳር ልክ አደረገች። ከግምቱ በላይ የወጣው ስኳር ከቀረጡ ተረፈ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የፈረንሳይ ገበሬ ዘሩንም፣ የማዳበሪያ አጣጣሉንም ለወጠ።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በ1830ዎቹ በጀርመን አንድ ኪሎ ስኳር ለማውጣት 18 ኪሎ ያህል ሥር ያስፈልግ ነበር፤ በ1890ዎቹ ግን 8 ኪሎ ያህል በቃ። በተመረጠ ዘር፣ በተሻለ ፋብሪካና በልኩ በተደረገ ማዳበሪያ የተገኘ ነው። መሬቱን የቀየረው የግብርና ትምህርት ብቻ አልነበረም። ምን እንደሚመዘንና ለየቱ እንደሚከፈል መወሰኑም ነበር። ይህችን ነጥብ ያዙልን፤ በመጨረሻ እንመለስባታለን።

አፈርም የገቢና የወጪ መዝገብ አለው

በዚያው ዘመን ጀርመናዊው ካርል ሽፕሬንገል፣ ከእሱ በኋላም በ1840 በታተመ መጽሐፉ ዩስቱስ ሊቢግ፣ ተክል ከአፈር የሚወስዳቸው ማዕድናት እንዳሉና ከእነሱ መካከል በጣም ያነሰው የምርቱን ልክ እንደሚወስን አስተማሩ። ነገሩን በወጥ መስለን ብንናገር፣ ሽንኩርቱ፣ በርበሬውና ቅቤው ሞልቶ ጨው ከሌለ ወጡ አይጥምም። ቅቤውን እጥፍ ብናደርገው የጨውን ቦታ አይሞላም፤ ቅቤው ብቻ ይባክናል።

በእንግሊዝ አገር ጆን ሎውስና ጆሴፍ ጊልበርት በ1843 ሮታምስቴድ በተባለ እርሻ ላይ ማሳውን ከፋፍለው ለአንዱ ፍግ፣ ለሌላው ናይትሮጅን፣ ለሌላው ፎስፌትና ፖታሽ እየሰጡ፣ ለአንዱም ምንም ሳይሰጡ ምርቱን በየዓመቱ መመዝገብ ጀመሩ። ባርንፊልድ በተባለው ማሳ ከ1871 እስከ 1875 ሹገር ቢት ተዘርቶ ነበር። በሮታምስቴድ የተጀመረው ሙከራ ዛሬም ቀጥሏል። እኛን የገረመን የሰዎቹ ትዕግሥት ነው። ምንም ያልተሰጠው መደብ ባይኖር ኖሮ ማዳበሪያው ስንት እንዳመጣ፣ መሬቱ በራሱ ስንት እንደሰጠ መለየት ባልተቻለ ነበር።

ከዚህ ትምህርት አንድ ነገር ደስ አሰኘን። ስኳር የሚሠራው ከአየርና ከውኃ በፀሐይ ኃይል ነው። በንጹሕ ስኳር ውስጥ ናይትሮጅንም፣ ፎስፈረስም፣ ፖታሽም የለም። ስኳሩ ብቻ ተሸጦ ቅጠሉ በማሳው ቢቀር፣ ጭማቂው የወጣለት ገለባም ለከብት ተሰጥቶ ፍጉ ቢመለስ የአፈሩ መዝገብ ብዙም አይጎድልም። የሚጎድለው ሥሩ ወጥቶ የሚመለስ ነገር ሲጠፋ ነው። የእንግሊዝ የማዳበሪያ መመሪያ አንድ ቶን የቢት ሥር ከማሳ ሲወጣ 1.7 ኪሎ ያህል ፖታሽና 0.8 ኪሎ ያህል ፎስፌት ይዞ እንደሚወጣ ያሰላል። ከአንድ ሄክታር 60 ቶን ሥር ከተነሣ ወደ 102 ኪሎ ፖታሽና 48 ኪሎ ፎስፌት ወጪ ሆነ ማለት ነው። ቅጠሉም ታጭዶ ከወጣ የፖታሹ ወጪ በጣም ይጨምራል። በሒሳብ ቋንቋ፣ ከመነሻ ገንዘብ እየቀነሱ ትርፍ ነው ብሎ መብላት ይባላል።

የጎደለውን ለመመለስ ማዕድን ፍለጋ ተጀመረ። ናይትሬት ከቺሊ በረሃ በመርከብ መጣ። ፖታሽ ደግሞ በጀርመን ሽታስፉርት ከምድር ውስጥ ከጨው ጋር ወጣ። በ1861 የመጀመሪያውን የፖታሽ ፋብሪካ ያቋቋመው አዶልፍ ፍራንክ እዚያው በቢት ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ኬሚስት ሆኖ ይሠራ የነበረ ሰው ነው።

ማዳበሪያ የማያድነው በሽታ

በዚያው አካባቢ በየዓመቱ ቢት ብቻ የተዘራባቸው ማሳዎች እየደከሙ ሄዱ። ሰዎቹ «የቢት ድካም» አሉት። ፖታሽ አልቆ ነው ተብሎ ስለታመነ ገበሬዎች ፖታሽ ገዝተው አፈሰሱ። ማሳው ግን አልተነሣም። ሄርማን ሻክት በ1859 በሥሮቹ ላይ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ ጥቃቅን ትሎችን አገኘ። በ1870ዎቹ ዩሊየስ ኪውን በሃሌ ከተማ ባደረገው ሙከራ የድካሙ ምክንያት ዛሬ ኔማቶድ የሚባለው ይህ ትል መሆኑን አሳየ። መድኃኒቱ ሰብልን ማፈራረቅ ነበር። ያ ሁሉ ፖታሽ ላልታመመ ቦታ የተከፈለ ገንዘብ ሆነ።

«መሬቱ ለምዶታል፤ ጨምሩልን» ያሉት እናታችን ያዩት ድካም እውነተኛ ነው። ነገር ግን የድካሙ ምክንያት ሳይታወቅ እጥፍ ማዳበሪያ ማበደር እነዚያ ገበሬዎች ያደረጉትን መድገም ይሆናል ብለን እንፈራለን።

ሌላም ምሳሌ አለ። ቢት መሐሉ እየጠቆረና እየደረቀ የሚበሰብስበት በሽታ ነበረው። በ1931 ብራንደንቡርግ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ምክንያቱ የቦሮን እጥረት መሆኑን አሳየ። ቦሮን ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው በጥቂት ኪሎ የሚቆጠር ነው። ያቺ ትንሽ ነገር ስትጎድል በላይዋ የሚፈስሰው ኩንታል ናይትሮጅን አይተካትም።

ናይትሮጅን ሲበዛ

በ1909 ፍሪትዝ ሃበር ናይትሮጅንን ከአየር ላይ ወስዶ ወደ አሞኒያ የሚለውጥበትን መንገድ አሳየ፤ ካርል ቦሽ ደግሞ በ1913 ኦፓው ላይ በትልቅ ፋብሪካ አስጀመረው። ዛሬ በየጆንያው የምናገኘው ዩሪያ የዚህ ሥራ ልጅ ነው። ናይትሮጅን እንደልብ ሲገኝ አብዝቶ መጠቀምም ቀላል ሆነ።

ናይትሮጅን ለቢት ክፉ ነው አንልም። ሲያንስ ቅጠሉ ቶሎ መሬቱን አይሸፍንም፤ የፀሐዩ ብርሃን በባዶ አፈር ላይ ይባክናል፤ ሥሩም ስኳሩም ያንሳል። ችግሩ ልኩን ካለፈ በኋላ ነው። ቢት በመጀመሪያው ዓመት ስኳር የሚያከማቸው በሁለተኛው ዓመት ለሚያብበው አበባ ስንቅ ብሎ ነው። በዕድገቱ መጨረሻ በአፈሩ ውስጥ ብዙ ናይትሮጅን ከቀረ ተክሉ ስንቅ መቋጠሩን ትቶ አዲስ ቅጠል ማውጣት ይቀጥላል። ሥሩ ውኃ ይይዛል፤ የስኳሩ ድርሻ ይቀንሳል። በሥሩ ውስጥ የሚቀሩት የናይትሮጅን ውሁዶች፣ ፖታሲየምና ሶዲየም ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ ከስኳሩ ጋር ተያይዘው ነጭ ስኳር እንዳይሆን ወደ ሞላሰስ ይዘውት ይሄዳሉ። በ1974 በብራውንሽዋይግ ተመራማሪዎች ከነዚህ ነገሮች መጠን ተነሥተው ሞላሰስ ውስጥ የሚቀረውን ስኳር የሚያሰሉበት ቀመር አወጡ፤ ፋብሪካዎችም ተጠቀሙበት።

ነገሩ በወረቀት ላይ እንዲታይ ለምሳሌ ያህል ብቻ ሁለት ማሳ እናስብ። የመጀመሪያው በልኩ ማዳበሪያ አግኝቶ 60 ቶን ሥር ሰጠ፤ ስኳሩ ከመቶ 17 ነው። የሁለተኛው ባለቤት ማዳበሪያ ጨምራ 66 ቶን አነሣች፤ ስኳሩ ግን ከመቶ 15 ሆነ። የመጀመሪያው 10.2 ቶን ስኳር ይዟል፤ ሁለተኛው 9.9 ቶን። ሁለተኛዋ 6 ቶን ሥር አብልጣ አነሣች፣ አብልጣ ተሸከመች፣ አብልጣ ለማዳበሪያ ከፈለች፤ ያገኘችው ስኳር ግን አነሰ። ሞላሰስ ውስጥ የሚቀረው ሲቀነስ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ማርም ሲበዛ ይመራል ያሉት አባቶቻችን ይህን ሳያዩ አልቀሩም።

በአሜሪካ በሬድ ሪቨር ሸለቆ፣ በሚኒሶታና በሰሜን ዳኮታ፣ የቢት ገበሬዎች በ1973 ሥራቸውን የሚቀበለውን ኩባንያ ራሳቸው ገዝተው የኅብረት ሥራ ማኅበር አደረጉት። ፋብሪካው የራሳቸው ሲሆን ውኃ የሞላበት ሥር ማቅረብ ራስን ማታለል ሆነ፤ ክፍያውም ሊወጣ በሚችለው ስኳር ልክ እንዲሆን ተደረገ። ከመዝራታቸው በፊት አፈሩን 4 ጫማ ድረስ አስቆፍረው በውስጡ ያለውን ናይትሬት ያስለካሉ። የአካባቢው ዩኒቨርሲቲ ምክር ለአንድ ኤከር በአፈሩ ያለውና የሚጨመረው ናይትሮጅን በድምሩ 130 ፓውንድ እንዲሆን ነው፤ በእኛ መለኪያ ለሄክታር 146 ኪሎ ያህል። አፈሩ ብዙ ይዞ ከተገኘ የሚገዛው ያን ያህል ይቀንሳል። ይህ እኛ በየወሩ የምንሠራው ሥራ ነው፤ በካዝና ያለውን ሳይቆጥር ብድር የሚወስድ ማኅበር የለም። በእንግሊዝም መመሪያው በአብዛኛው አፈር ላይ ለቢት ከ120 ኪሎ ናይትሮጅን በላይ ለሄክታር አይመክርም። የእንግሊዝ ገበሬዎች ከ1970ዎቹ ወዲህ የናይትሮጅኑን መጠን እየቀነሱ ምርታቸው ጨምሯል።

ከልክ በላይ የተጨመረው ደግሞ በማሳው ላይ አይጠብቀንም። ናይትሬት ከዝናብ ጋር ወደ ጉድጓድና ወደ ወንዝ ይወርዳል። አሞኒያ ያለባቸው ማዳበሪያዎች በብዙ ዓመት ውስጥ አፈሩን ያኮመጥጣሉ። በእንግሊዝ ዎበርን በ1876 በተጀመረው ሙከራ የአሞኒያ ጨው በየዓመቱ የተሰጣቸው የገብስ መደቦች ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ሰብል መስጠት አቃታቸው፤ ኖራ ሲጨመርላቸው ግን አገገሙ። ቢትም ኮምጣጣ አፈር አይወድም።

ይህ እኛን እንዴት ይነካናል?

ማዳበሪያ ወደ አገራችን ገበሬ በስፋት መድረስ የጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ለብዙ ዓመታት የነበረው ምክር ለሁሉም ቦታ አንድ ነበር፦ ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ። ስናሰላው 64 ኪሎ ናይትሮጅን፣ 46 ኪሎ ፎስፌትና ዜሮ ፖታሽ ነው። የኢትዮጵያ አፈር ፖታሽ አያጣም ተብሎ ስለታመነ አልተጨመረም። በ2012 የተጀመረው የአገሪቱ የአፈር ካርታ ሥራ ግን በብዙ ቦታ ሰልፈር፣ ዚንክና ቦሮን፣ በአንዳንድ ቦታም ፖታሽ መጉደሉን አሳየ። ዳፕም ሰልፈር ባለበት ኤንፒኤስ ተተካ። በደጋው ብዙ ቦታ ደግሞ አፈሩ ኮምጥጦ ኖራ ይፈልጋል። እንግዲህ «ማዳበሪያው አልሠራም» የሚሉ እኅቶቻችን ማሳ የጎደለው ዩሪያ ላይሆን ይችላል። ምን እንደጎደለው ሳናውቅ ግን እያበደርናቸው ያለነው ዩሪያ ነው።

አንድ ነገር ጨምረን እንናገር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጀርመን ሳክሶኒ የቢት ማሳ ላይ የሚኮተኩቱትና የበዛውን ችግኝ የሚነቅሉት በየዓመቱ ከምሥራቅ የሚመጡ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ድካማቸው በፋብሪካው ትርፍ ውስጥ ተሰውሮ ቀረ። እኛም የአባሎቻችንን የብድር ቅጽ ስናይ የማዳበሪያው ዋጋ ተጽፏል፤ ማዳበሪያ ሲበዛ አብሮ የሚበዛውን አረም የምታርመው እኅት ጉልበት ግን አልተጻፈም። ወጪ ሆኖ ሳይጻፍ የቀረ ነገር ትርፍ መስሎ ይታያል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጉባኤ ከሒሳብ ክፍል ይህን ሐሳብ እናቀርባለን። የብድሩ ጣሪያ ለአንድ ዓመት ባለበት ይቆይ። ከተዘዋዋሪው ገንዘብ ጥቂቱ ለአፈር ምርመራ ይመደብ፤ የልማት ሠራተኞችን ጠይቀን የየአካባቢውን አፈር እናስመርምር። ፈቃደኛ የሆነች አባል ሁሉ በማሳዋ ላይ ሦስት ጠባብ መደብ ትለይ፦ አንዱ ምንም ያልተሰጠው፣ አንዱ ግማሽ የተሰጠው፣ አንዱ ሙሉ የተሰጠው። ሲታጨድ ለየብቻ ይመዘን፤ እኛም እየመጣን እንመዘግባለን። ጓሮ ያላቸው እናቶቻችን በቀይ ሥርና በቆስጣ ሊሞክሩት ይችላሉ። ዩሪያ ለቆስጣ ቅጠል ቢያምርም፣ ለቀይ ሥር ሲበዛ ቅጠሉ አድጎ ሥሩ የሚቀጭጭ መሆኑን በዓይናቸው ያያሉ። ቅጠሉና ገለባው ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ይመለስ እንጂ አይቃጠል።

ብድሩ ይጨመር ያሉትን እናታችንን እንቢ ማለታችን አይደለም። የሦስቱ መደብ ሚዛን የሚጠይቁትን እጥፍ ትክክል ነው ብሎ ከመሰከረላቸው ብድሩን ከፍ ለማድረግ የመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች እኛ እንሆናለን። የምንፈራው ዕዳው በኩንታል ተመዝግቦ ምርቱ በተስፋ መቅረቱን ነው።

ለደጋፊዎቻችንም በአክብሮት አንድ ልመና አለን። በየዓመቱ የምንሞላው የሪፖርት ቅጽ «ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ተሰራጨ? ለስንት ሴቶች?» ብሎ ይጠይቃል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሥራችን የተሳካ ይመስላል። እኛም ቅጹን ስንሞላ ከፍ ያለ ቁጥር መጻፍ ደስ እንደሚለን አንደብቅም። ይህ ግን ፈረንሳይ ከ1884 በፊት ያደረገችው ነው፤ በክብደት ከተከፈለ ክብደት ይመጣል። እባካችሁ በቅጹ ላይ ሌላ ሦስት ጥያቄ ጨምሩልን፦ ከማዳበሪያው ወጪ በኋላ በእያንዳንዷ አባል እጅ ስንት ቀረ? ስንቷ ዕዳዋን ከምርቷ ከፈለች? አፈሩስ ካለፈው ዓመት ተሻለ ወይስ ደከመ? እነዚህን መመለስ ለእኛ ይከብዳል፤ ከቢሮ ወጥተን ወደ ማሳ መሄድ ይኖርብናል። ብንጠየቅ ግን እንሄዳለን።

ለሚቀጥለው ጉባኤ ስትመጡ ያምናውን የማዳበሪያ ደረሰኛችሁንና ያነሣችሁትን ምርት ልክ ይዛችሁ ኑ። ደረሰኝ የጠፋባት እኅት አትፍራ፤ ቅጂው በእኛ መዝገብ አለ። አብረን እናሰላዋለን።

ከማኅበሩ ሒሳብ ክፍል